የለቅሶ ፓርኪንግ

የምንኖርበት ሕንፃ ወደ ዌስተርቪል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከሳሎኑ መስኮት ቁልቁል ሲታይ አንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ። የእኛ አይደለም፣ የሱቆቹ ነው። ድሮ ሶፋና አልጋ ይሸጥበት የነበረ፣ አሁን የተዘጋ ትልቅ ሱቅ፣ ከጎኑ ላውንደሪ፣ ከላውንደሪው ቀጥሎ ጥፍር የሚሠሩበት ቤት። ጥግ ላይ ደግሞ ሰው ያረጀ ልብሱን የሚጥልበት ትልቅ የብረት ሳጥን ቆሟል። መግቢያው ጋ ባለው እንጨት ላይ ካሜራ አለ። ካሜራውን ግን ያን ጊዜ አላወቅኩትም። ያን ግቢ እንደ እጄ መዳፍ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም አራት ወር ከአሥር ቀን ሙሉ ከእሱ ሌላ ያየሁት ነገር የለም።

የልጆቼ አባት የሞተው በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ አንድ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። በዚያው በወረርሽኙ በሽታ። ሆስፒታል በእግሩ ነው የሄደው፣ የጃኬቱንም ዚፕ የቆለፈው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት በልጄ ስልክ ላይ ነው፤ አፉ ላይ ላስቲክ አድርገውለት አይናገርም፣ እጁን ብቻ አንዴ አነሳልኝ። ቀብሩ ላይ ጥቂት ወንዶች ቆሙ፤ እኔ አልሄድኩም። በእኛ በሙስሊሞቹ ደንብ ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ያለ ብርቱ ጉዳይ ከቤት አትወጣም። እኔም ተቀመጥኩ። ወንበሩን ልጄ መስኮቱ ጋ አስጠጋችልኝ።

እንዳለቅስ ይጠብቁ ነበር። አላለቀስኩም። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ጠንካራ ነሽ ይለኛል። ጥንካሬ አልነበረም። እግር ብዙ ሲቀመጡበት ይደነዝዝ የለ? ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው እግር ይመስላል። እኔም ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር። ሻይ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ። ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ። የልጅ ልጆቼ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ሲሉኝ እሺ እላለሁ፤ ምን እንዳሉኝ ግን አላውቅም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ደሴ እያለሁ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልጅ ታቅፌ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ልጄ ስታየው «ማሚ፣ ነጥብ የለውም እኮ» ትለኛለች። እዚህ የምታዩትን ነጥብ ያስገባችው እሷ ናት። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ያኔ ቤት ውስጥ ሰው ማስገባት አይቻልም ነበር። ልጄ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ እባካችሁ አትግቡ፣ በስልክ አጽናኑን የሚል። የእኛ ሰው ግን ለቅሶን በስልክ ብቻ ብሎ አይተውም። መጡ። መኪናቸውን ከመስኮታችን ሥር ባለው የሱቆቹ ግቢ እየደረደሩ አቆሙ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ግቢው ባዶ ነው፣ ማን ይከለክለናል አሉ። ማሞቂያ ከፍተው መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ ተራ በተራ እየወጡ ከመስኮቱ ሥር በረዶው ላይ ይቆሙና ወደ ላይ ያዩኛል። እኔ መስኮቱን ትንሽ እከፍታለሁ።

የባሌ ጓደኛ ነው መጀመሪያ የመጣው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ድምፁ ትልቅ ነው።

«እትዬ! አየሽኝ ወይ?»

«አየሁህ ወንድሜ።»

«አብሽሪ! አላህ ያጽናሽ! እንዳልመጣሁ እንዳትቆጥሪው!»

«አልቆጥርም። ግባ መኪናህ ውስጥ፣ በረዶ ነው።»

«በረዶ ምን ያደርገኛል! እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም!»

ገብቶ ተቀመጠ፤ እስከ ዙሁር ሶላት ድረስም አልሄደም። ሌሎቹም እንደዚያው። ለቅሶ ደርሶ ወዲያው መነሳት ነውር ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን ሰው ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አጠገብሽ ነኝ ማለት ነው። እነሱም መኪናቸው ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ዝም ብለው ተቀመጡ። መስታወቱ በትንፋሽ ደፍኖ ማን ማን እንደሆነ አይታይም። ሦስት ቀን እንደዚህ ሆነ።

ልጄ የትምህርት ቤት ደብተር ይዛ አጠገቤ ቆማ የመጣውን ሁሉ ስም ጻፈች። እኛ ጋ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ማለት ሐሜት አይደለም። ነገ እነሱ ሲያዝኑ የማን ቤት መሄድ እንዳለብሽ ማወቂያ ነው። በሦስተኛው ቀን አስር ሶላት ላይ ደብተሩን አነበበችልኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም፣ ስማቸውን የረሳኋቸው ሳይቀሩ መጥተዋል።

«እሷስ?» አልኳት።

ልጄ ማንን እንደምል አውቃለች። ደብተሩን እንደገና አገላበጠች።

«አልመጣችም፣ ማሚ።»

እሷ የምላት ሴት አሥር ዓመት ከሥራችን፣ አንደኛ ፎቅ ላይ የኖረች ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ግን እህቴ ነበረች። የተዋወቅነው ምድር ቤቱ ውስጥ ባለው የልብስ ማጠቢያ ነው። ማሽኑ ሳንቲሜን በልቶ እንቢ ሲለኝ መጥታ በእርግጫ መታችው፣ ሠራ። «በእንግሊዝኛ ለምነሽው ነበር እንዴ? እሱ የሚገባው ይሄ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለያየንም። ሐኪም ቤት የምትወስደኝ እሷ፣ ከሐኪም ቤት መልስ ወደ ግራ ታጥፋ አይስክሬም የምትገዛልኝ እሷ። ሥራዋ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ነው። ትንሽ ግራጫ መኪና አለቻት፤ የኋላ መብራቱ ተሰብሮ የልጆቼ አባት በቀይ ፕላስተር ጠቅልሎ ሠራላት። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። እሱ ግን የሚሠራውን ነገር ሁሉ እንደዚያው ነው፤ አንድ ዙር ጠቀለለው፣ አልበቃውም፣ በሰያፍ ደገመው፣ ጫፉን አጥፎ እንደ ቋጠሮ አወጣው። «ስጦታ አስመሰልከው እኮ ጋሼ!» ብላ ሳቀችበት።

እሱ ከመታመሙ በፊት በነበረው ሳምንት ሾርባ ሠርታ አምጥታልን ነበር። በር ላይ አላስቀመጠችም፣ ገብታ ተቀመጠች፣ አብራን ጠጣች።

ታዲያ እሷ ቀረች። በሰባተኛው ቀን ደወለች። ስልኩ ላይ የፎቶዋን ፊት አየሁት፣ አላነሳሁም። ተናድጄ አይደለም። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ ዝም አለ። በሌላ ቀን ደግማ ደወለች። አምስት ጊዜ ይሆናል። ከዚያ ተወችው። እኔም በልቤ፣ በቃ፣ አሥር ዓመት አብረን ኖረን ለባሌ ለቅሶ ያልመጣች ሴት ምን ታደርግልኛለች አልኩ። ይህን ያልኩት ያለ ምንም ስሜት ነው፤ ዕቃ ከመደርደሪያ አንስቶ ቁምሳጥን ውስጥ እንደመክተት። ዒዳዬ ሳያልቅ ቤት ለቀቀች። ዕቃዋን ሲጭኑ በመስኮቱ አየሁ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መጋረጃውን አልዘጋሁም፣ እጄንም አላነሳሁም። ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝታ ወደዚያ ሄደች አሉ።

ዒዳዬ ያለቀው በጋ ላይ ነው። ልጄ መጀመሪያ የወሰደችኝ ወደ ሀበሻ ሱቅ ነው። በርበሬ ቆሜ ስመርጥ ለቅሶ ላይ ከመጡት አንዱ አየኝና ሊስመኝ መጣ፣ በሽታውን አስታወሰ፣ ክርኑን ሰጠኝ።

«ወጣሽ? አልሃምዱሊላህ! ደግሞ አንቺን ለማየት እንደሆነ ሁለተኛ ወደ ሰፈራችሁ አልመጣም። የእናንተ ሰፈር ውድ ነው!»

ሚስቱ በክርኗ ጎኑን መታችው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ቀልዴን ነው፣ እትዬ።»

«ቀልዱ ምንድን ነው?»

«በርበሬው ውድ ነው ለማለት ነው» አለች ሚስቱ። በርበሬውም እውነት ውድ ነበር፤ ግን ሴትየዋ መዋሸት አትችልበትም።

መኪና ውስጥ ልጄን ጠየቅኳት። መንገዱን መንገዱን ታያለች። ልጄ ስትዋሽ ሬድዮ ትከፍታለች። ሬድዮውን ከፈተች። ዘጋሁት።

«እሺ፣ እሺ። ማሚ፣ አትናደጂ። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሄዶለታል።»

«የምን ደብዳቤ?»

«የፓርኪንግ። ያ የሱቆቹ ግቢ ካሜራ አለው። ግማሽ ሰዓት ነው ነፃ የሚሆነው። ከዚያ በላይ ያቆመውን ታርጋውን ፎቶ አንስተው ቤቱ ድረስ ይልኩለታል፣ ክፈል ብለው።»

«ፖሊስ ነው?»

«ፖሊስ አይደለም፣ ከተማውም አይደለም። የግል ካምፓኒ ነው። አንዳንዱ ዝም በሉት፣ ኢግኖር አድርጉት ይላል። ሰውም ዝም አለ። አሁን ግን ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ኮሌክሽን ለሚባለው ዕዳ ሰብሳቢ እንሰጠዋለን፣ ክሬዲታችሁን አበላሽተን ብድር እናስከለክላችኋለን የሚል። ሰው ፈርቷል።»

«እኔ ለምን አልሰማሁም?»

«ማን ይነግርሻል? ለቅሷችሁ ላይ መጥቼ ተቀጣሁ ብሎ ለሐዘንተኛ የሚነግር ሰው አለ?»

እውነቷን ነው። የለም። ግማሽ ክረምትና ጸደይ ሙሉ ሁሉም ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ዝም አለ። እየደወሉ እንዴት ነሽ፣ አብሽሪ ይሉኝ ነበር። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የተሰማኝ መሰለኝ። ሐዘን አይደለም። ሀፍረት ነው። በባሌ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው በመቀመጡ ሲቀጣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

«ደብዳቤዎቹን ሰብስቢልኝ» አልኳት።

«ልንከፍል ነው?»

«እሱን በኋላ እናያለን። ሰብስቢ።»

አንዳንዱ እምቢ አለ፣ አንዳንዱ ጥዬዋለሁ አለ፤ ልጄ የለቅሶውን ደብተር ይዛ አንድ በአንድ ኮል አደረገቻቸው። አሥራ አንድ ሰው ደብዳቤውን ሰጠን። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ፎቶ አለ፤ መኪናው ሲገባና ሲወጣ። እንግሊዝኛውን አላነብም፣ ቁጥርና ሰዓት ግን አነባለሁ። መኪኖቹ በረዶ ለብሰዋል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያቸው ብዙ አየኋቸው። ደንዝዤ ሳለሁ ያለፉኝ ሦስት ቀናት በፎቶ ተነስተው ተቀምጠዋል።

ልጄ ለካምፓኒው ደወለች፤ ማሽን ነው የሚያወራት፣ አንድ ተጫኚ፣ ሁለት ተጫኚ። በኢሜይል ጻፈች፣ መልስ የለም። በመጨረሻ ያ ሾፌሩ የባሌ ጓደኛ መጣ።

«ካሜራውን ማን አስቀመጠው?» አለ።

«የግቢው ባለቤቶች ናቸው ካምፓኒውን የቀጠሩት» አለች ልጄ። «ማኔጀሯ ከላውንደሪው ጀርባ ቢሮ አላት።»

«ታዲያ ምን ትጨነቃላችሁ? ሽማግሌ እንላክ።»

ልጄ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሽማግሌ የሚላከው ለትዳር ነው። ለፓርኪንግ ሽማግሌ ይላካል?»

«ለተቀየመ ሰው ነው የሚላከው። እነሱ ተቀይመውናል። ግቢያቸው ውስጥ ሳንጠይቅ ገባን። እንግዲህ አስታራቂ ያስፈልጋል።»

የተላኩት ሦስት ናቸው። አንዱ እሱ ራሱ። ሁለተኛው ዎርዝንግተን አንድ ቢሮ ውስጥ ጥበቃ የሚሠሩ፣ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሦስተኛው ከመስጊድ፣ ዱላ ይዘው የሚሄዱ የእኛ የወሎ ሰው፤ ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ ናቸው። እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም አሉኝ። ልጄ ልታስተረጉም መሄዷ ካልቀረ እኔም ከኋላ እቆማለሁ፣ አልናገርም አልኩ። አዛውንቱ ፈቀዱ። ግቢውን በእግራችን አቋረጥን። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከላይ ማስክ አድርገዋል። ጥፍር የሚሠሩት ልጆች በመስታወት ያዩናል።

«ወላሂ፣ ስንቱን ትዳር አስታርቄያለሁ» አሉ አዛውንቱ። «ከካሜራ ጋር ስታረቅ መጀመሪያዬ ነው።»

ማኔጀሯ ወጣት ፈረንጅ ናት፣ ጸጉሯን ወደ ላይ ያሰረች፣ ዓይኗ ሥር የደከመች። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የጠወለገ አበባ። ቁጭ በሉ አለች። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅቷ ይህን ከየት ታውቃለች? ወንበሩ ቆሽሾ መሰላት። በሽታውን ፈርተው መሰላት። እርጥብ ሶፍት አወጣችና ሁለቱን ወንበሮች እግራቸው ሳይቀር ጠረገቻቸው። አሁንም ቆሙ። ከጓሮ ሌላ ወንበር አመጣች፣ እሱንም ጠረገች። ቆሙ። ሊያስለቅሳት ደረሰ።

«ንገሪያት እንጂ!» አልኳት ልጄን፤ አልናገርም ያልኩትን ረስቼ።

ልጄ ነገረቻት። ሰው ሞቶብን፣ ሰው ሊያጽናናን መጥቶ፣ ቤት መግባት ስላልተቻለ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ እያለች። ልጅቷ ሶፍቱን እንደያዘች ሰማች።

«ግማሽ ሰዓት ነፃ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።»

አዛውንቱ ዱላቸውን ተደገፉ። «በግማሽ ሰዓት እኛ ገና ሰላምታ አልጨረስንም በያት።»

ልጄ ተርጉማ ሳቀች፣ ልጅቷም ሳቀች፣ ከዚያ በሐዘናችን የሳቀች መሰላት፣ ደነገጠችና ይቅርታ አለች። «ለምን አልነገራችሁኝም? አንድ ሰው መጥቶ ቢነግረኝ እኮ ሦስቱንም ቀን ካሜራውን እንዲተዉት አደርግ ነበር።»

ማን ይነግራታል? ሁላችንም ሌላውን ሰው ማስቸገር ነው ብለን ዝም ያልን ነን።

ደብዳቤዎቹን ወሰደች፣ ኮምፒውተሯ ላይ ብዙ ጻፈች። ያልተከፈለውን ሁሉ አሰርዛለሁ አለች። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ ማሽኑ ወረቀት አወጣ፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆመ መኪና ሁሉ ከነፎቶው። ከደብዳቤዎቻችን ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች፣ በብዕር ምልክት አደረገች። መጨረሻ ላይ ብዕሯ ቆመ።

«ይሄ መኪና ከእናንተ ነው? ሦስቱንም ቀን መጥቷል። የእሱ ግን ተከፍሏል። ደብዳቤው በሄደ በሳምንቱ፣ ሦስቱም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሾፌሩ «ከእኛ ማንም አልከፈለም» አለ።

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ፎቶው መኪናው ሲወጣ ከኋላ የተነሳ ነው። ትንሽ ግራጫ መኪና። የቀኝ መብራቱ በቀይ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ አንድ ዙር፣ በሰያፍ ሌላ ዙር፣ ጫፉ ታጥፎ እንደ ቋጠሮ የወጣ።

ሰዓቱን አነበብኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ወደ እኛ ገለበጥኩት። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገብታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥታለች። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ከሁሉ ቀድማ ገብታ ከሁሉ ኋላ ወጥታለች። ልጄ ደብተሩን ስታነብልኝና አልመጣችም ስትለኝ እሷ እዚያ ነበረች።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«ምንም» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁ። እጃቸውን ዘርግተው ልጅ ይስጥሽ፣ ቤትሽ ይሙላ እያሉ በተራ። ልጅቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሶፍት የያዘ እጇን እሷም ዘረጋች። አሜን የምንለው እኛ ነን።

ስንመለስ ልጄን ወደ ጥጉ ውሰጂኝ አልኳት። ከመስኮታችን የማይታየው የግቢው ክፍል ያ የልብስ ሳጥን ጀርባ ብቻ ነው። እዚያ ቆምኩ። ቀና ብዬ አየሁ፤ መስኮታችን አይታይም። የሕንፃችን የጎን ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው፣ ቡናማ ጡብ። ሦስት ቀን እሱን ስታይ ነው የዋለችው። ልጄ እያለቀሰች ነበር። እኔ ጡቡን ቆጠርኩ፣ ሃያ ስደርስ ተውኩት።

ቤት ገብቼ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

«ሃሎ።»

«እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ።»

ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ቅዳሜ ቤት ነሽ?»

«ነኝ።»

«እመጣለሁ።»

«ነይ» አለች። ድምጿ ምንም የለበትም፤ የእኔም እንደዚያው።

ግሮቭ ሲቲ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ትልልቅ መጋዘንና የጭነት መኪና ነው። ልጄ አድርሳኝ እታች መኪናው ውስጥ ቀረች፤ ለእናንተ ልተውላችሁ ብላ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃውን አርፌ አርፌ ወጣሁ። በሩን ከፈተች። ከስታለች፣ ጸጉሯን መቀባት ትታለች። አልተሳሳምንም። ግቢ አለችኝ፣ ገባሁ። ሻይ አመጣች። ስኳሩን ሳትጠይቀኝ ሁለት አደረገች።

«ወረቀቱን አየሁት» አልኳት። «የመኪናሽን ፎቶ።»

ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ለምን አልወረድሽም?»

«ሾርባውን ያመጣሁላችሁ ቀን» አለችና ቆመች። «ሥራ ቦታ ሦስት ሰው አስሏቸው ነበር። ምርመራው አልደረሰም ነበር። እኔ ምንም አላመመኝም፣ ደህና ነኝ ብዬ ገባሁ። ጋሼ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ እሱ ታመመ።» እጇን አየች። «በመስኮት ቆመሽ እያየሽኝ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልልሽ ነው? በምን አፌ? ቤቴ መቀመጥም አልቻልኩም። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ፣ ያው እዚያው ሄድኩ።»

«ሾርባውን እኔም ጠጥቻለሁ። ልጄም። እኛን አላመመንም።»

«እሱን ነዋ ያመመው።»

«እሱ በዚያው ሳምንት ፀጉሩን ተስተካክሏል፣ ሱቅ ሄዷል፣ ሾፌሩ ጋ ሄዷል። ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?»

«አስበሽው አታውቂም? እሷ ናት ያመጣችው ብለሽ?»

ልዋሽላት እችል ነበር። «አንድ ቀን» አልኳት። «አንድ ቀን አስቤዋለሁ። ከዚያ ተውኩት። የተቀየምኩሽ ግን በዚያ አይደለም። ቀረች ብዬ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ሻዩን ጠጣን። ይቅር በይኝ አላለችኝም፣ እኔም አላልኳትም። ስለ መጋዘኑ ሥራ ጠየቅኳት፤ ቀኑን ሙሉ ሳጥን እያነሱ ማስቀመጥ ነው አለች፣ የሚያወራሽ የለም፣ ይሻላል። ስለ ኋላ መብራቱ ጠየቅኳት። ባለፈው መኪናውን ያየላት መካኒክ ቀይሪው ብሏት እምቢ አለች። «ይሄ የሚፈታ ፕላስተር አይደለም አልኩት» አለች። «እውነትም አይፈታም፣ ሰውየው ሞክሮ አቃተው።» ትንሽ ሳቅን። ሳቁም ከሩቅ ነው የመጣው።

በሩ ተንኳኳ። ልጄ ናት።

«ማሚ፣ ይቅርታ። እታች ሰሌዳ አለ፣ የእንግዳ መኪና ያለ ካርድ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይላል። ሊጎትቱት ይችላሉ። የምናቆምበት ሌላ ቦታ ልፈልግ ወይስ እንሂድ?»

ተነሳሁ። ጫማዬን ፈለግኩ።

እሷ ግን ቀድማኝ ተነስታለች። ኩሽና ገብታ መሳቢያ ከፈተች፣ ሹካና ማንኪያ ስታተራምስ ሰማኋት። አንድ ብርቱካናማ ካርድ ይዛ ወጣች፣ አዲስ ነው፣ ክሩ እንኳ አልተፈታም። ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ማንም መጥቶባት አያውቅም ማለት ነው። ልጄ ልቀበልሽ ስትላት አልሰጠቻትም። በነጠላ ጫማዋ ራሷ ወረደች።

በመስኮቱ አየኋት። የልጄን መኪና ከፈተች፣ ካርዱን መስታወቱ ላይ ሰቀለች፣ ዘጋች። ከፊት ለፊት ቆማ ይነበብ እንደሆነ አየች። ተገልብጦ ኖሯል፤ እንደገና ከፍታ አዞረችው።

ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ገባች።

«እስከ ነገ ጠዋት ይሠራል» አለችኝ። «ቁጭ በይ።»

ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።